ከመሐል ሜዳ የራግቢ ዳኛ ይወጣል?

በዚህ ዓምድ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ናቸው። በዚህ ወር ግን ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ከደብረ ሲናና ከእነዋሪ የመጡትን ከሥር ታገኟቸዋላችሁ። ሦስቱም ስለ ዳኝነት ናቸው።

ጥያቄ፦ "እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 19 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። ደብረ ብርሃን ሄጄ የእግር ኳስ ዳኝነት የመጀመሪያ ኮርስ ወስጃለሁ። ለመስቀል ወንድሜ ጋ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ዲኤስቲቪ ቤት አለው። ሰዉ ኳስ ሲያይ አንደኛው ቲቪ ላይ የሴቶች ራግቢ ነበር። ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ዳኛዋ ሴት ናት። የምትናገረው ሁሉ በቲቪው ይሰማል። ተጫዋቾቹም ይሰሟታል። እኔም እንደሷ መሆን እፈልጋለሁ። ግን ራግቢ ተጫውቼ አላውቅም። ቁመቴም 1 ሜትር ከ58 ነው። እናቴ 'የሌለ ነገር አትመኚ' አለችኝ። እውነት የሌለ ነገር ነው?"

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ያየሽው ጨዋታ የእንግሊዝና የካናዳ ነው። መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ልክ በመስቀል ዕለት፣ ለንደን ትዊክነም ላይ የተደረገ የሴቶች ራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። እንግሊዝ 33 ለ 13 አሸነፈች። ከ81 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ገብቶ አየው። ዳኛዋ ስኮትላንዳዊቷ ሆሊ ዴቪድሰን ናት። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ኒውዚላንድ እንግሊዝን 34 ለ 31 ያሸነፈችበትን ፍጻሜም የመራችው እሷ ነበረች።

ሆሊ ተጫዋች ነበረች። ትከሻዋን ተጎዳችና መጫወት ቀረ። ፊሽካ ያነሳችው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ብሉምፎንቴይን ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፖርቱጋል ጋር ስትጫወት ዳኛዋ እሷ ነበረች። የደቡብ አፍሪካን የወንዶች ቡድን ሴት ስታጫውት ያ የመጀመሪያው ነው። ያውም የዓለም ሻምፒዮኖቹን። ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ከእነሱው አንዱን በቀይ አስወጣች። ያንን ካርድ ለማውጣት ቁመት አላስፈለጋትም። ስለ ቁመትሽ የምመልስልሽ ይሄን ብቻ ነው።

"ተጫውቼ አላውቅም" ላልሽው ግን ቁም ነገር አለበት። ከትልልቆቹ ዳኞች ብዙዎቹ ተጫውተው ያለፉ ናቸው። አየርላንዳዊቷ ጆይ ኔቪል ለአገሯ ብዙ ዓመት ተጫውታ እ.ኤ.አ. በ2013 አቆመች። በ2017 የሴቶችን ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዳኘች። አራት ዓመት ብቻ! ቶሎ የደረሰችው ጨዋታውን በሰውነቷ ስለምታውቀው ይመስለኛል። በሌላ በኩል እንግሊዛዊው ዌይን ባርንስ ፊሽካ የያዘው በ15 ዓመቱ ነው። አንቺ በ19 ዓመትሽ አልረፈደብሽም። ግን ኳሱን ራስሽ መያዝ፣ መሮጥ፣ መውደቅ አለብሽ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ጆርጂያ ልንገርሽ። ለእናትሽም ይሄን አንብቢላቸው።

ጆርጂያ እንደኛው መንዝ ተራራማ ናት፤ ሕዝቡም ኦርቶዶክስ ነው። ለሎ የሚባል የጥንት የኳስ ጨዋታ አላቸው። ሹኹቲ በምትባል መንደር በየዓመቱ በፋሲካ ዕለት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይጋጠማሉ። ኳሱ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያሸነፈው ሰፈር ኳሱን ወስዶ ከሟቾቻቸው በአንዱ መቃብር ላይ ያኖረዋል። ይሄን ሳነብ የኛ ገና ነው ትዝ ያለኝ። ልጅ ሆነን ጨዋታው ሲጦፍ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እየተባለ ስንት ቅልጥም በገና ዱላ ተመታ! ጆርጂያዎች ራግቢ ሲመጣላቸው ከባዕድ ነገር አልቆጠሩትም። ዛሬም ትራይን፣ ማለትም ኳሱን ከተጋጣሚ መስመር አልፎ መሬት ማስነካትን፣ "ለሎ" ነው የሚሉት።

ከዚያች አገር ኒካ አማሹኬሊ የሚባል ልጅ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተወለደ ነው። በየካቲት 2022 ደብሊን ላይ አየርላንድንና ጣልያንን አጫወተ። በስድስቱ አገሮች፣ ማለትም በአውሮፓ የየዓመቱ የራግቢ ውድድር፣ ለጆርጂያዊ ዳኛ የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን የገጠመው ነገር ለነባር ዳኛም ይከብዳል።

ስክረም ማለት ስምንት በስምንት ተቃቅፈው የሚገፋፉበት ነው። ከፊት መሐል ላይ የሚቆመው ሰው ለቦታው የሠለጠነ መሆን አለበት፤ አለዚያ አንገት ይሰበራል። የጣልያን የዚያ ቦታ ተጫዋች ተጎድቶ ወጣ። ተተኪው ገብቶ ወደ ጭንቅላት አደገኛ ታክል (ኳስ የያዘን ሰው ይዞ መጣል) ሠራና ቀይ አየ። ሦስተኛ ሰው የለም። ስለዚህ ስክረሙ ያለ ግፊያ እንዲሆን ተወሰነ። ሕጉ ደግሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ ያ ቡድን አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ያስወጣ ይል ነበር። 15 የነበሩት 13 ሆኑ፤ ገና በ20 ደቂቃ ገደማ። ተመልካቹ ግራ ገባው። የ27 ዓመቱ ልጅ ግን ሕጉን አወቀ፣ ተናገረ፣ አስፈጸመ። አየርላንድ 57 ለ 6 አሸነፈች። በቀጣዩ ዓመት አማሹኬሊ በወንዶች ዓለም ዋንጫ ዳኘ።

እኔ የሚቀጥለው ትውልድ ዳኛ እንዲህ ካለ ቦታ ነው የሚመጣ ብዬ አምናለሁ። ከተለመዱት አገሮች ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። የራግቢ ዳኝነት ዋናው ነገር አፍ ነው። በእግር ኳስ ፊሽካ ነፍተሽ እጅሽን ታሳያለሽ፤ በቃ። በራግቢ ምክንያቱን ትናገሪያለሽ፤ ማይክሮፎን ስላለሽ ቤቱ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይሰማሻል።

በጨዋታው ከሁሉ የሚከብደው ተጫዋች ከወደቀ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ኳስ የያዘው ተይዞ ወደቀ እንበል። የጣለው ሰው ለቆት ዞር ማለት አለበት። የወደቀው ኳሱን መልቀቅ አለበት፤ ታቅፎት መተኛት አይችልም። ደርሶ ኳስ የሚፈልገው ሰው በእግሩ መቆም አለበት፤ የሚገባውም ከራሱ ወገን፣ ከኋላ በኩል እንጂ ከጎን አይደለም። ይሄ ሁሉ በሁለት ሦስት ሰከንድ ያልቃል። ስለዚህ ጥሩ ዳኛ ጥፋት እስኪፈጸም ቆሞ አይጠብቅም። ቀድሞ ይናገራል። "ልቀቅ!" "ተንከባለል!" "እጅህን አንሳ!" ከሰሙ ጨዋታ ይቀጥላል። ካልሰሙ ያኔ ይነፋል።

ይሄን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት እህቴን ልጠይቅ ናይሮቢ ሄጄ ሦስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ከቤቷ ጀርባ አንድ ትምህርት ቤት አለ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ራግቢ ይጫወታሉ። አጥሩን ተደግፌ አየሁ። የሚያጫውተው 16 ዓመት የሚሞላው የማይመስል ልጅ ነው። ማሊያው ሰፍቶት እጅጌው ከክርኑ ወርዷል። ከእሱ በእጥፍ የሚገዝፍ አምበል ተናዶ መጣበት። ልጁ አልሸሸም። ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ቀና ብሎ አየውና በጣቱ ሣሩ ላይ አሳየው። እዚህ ነበርክ። በዚህ ዞረህ ገባህ። የሚያወሩት ግማሹ ስዋሂሊ ነው፤ ግን ከጣቱ ሁሉም ገባኝ። ግዙፉ ልጅ እሺ ብሎ ሮጦ ተመለሰ።

አጥሩን እንደተደገፍኩ ደብረ ብርሃን ትዝ አለኝ። ታኅሣሥ ነበር። ውርጩ ሜዳውን ነጭ አድርጎት፣ የብረቱ ፊሽካ ከንፈር ይቆነጥጣል። የሁለት ትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። አንድ ጎል ሻርኩ። አምበሉ መጣና፣ "ቲቸር፣ ለምንድነው የተሻረብን?" አለኝ። በትሕትና ነው የጠየቀኝ። እኔ ቢጫ አወጣሁበት። ጎሉ በትክክል ነው የተሻረው፤ ኦፍሳይድ ነበር። "ኦፍሳይድ ነው፣ 9 ቁጥር" ብዬው ቢሆን አራት ቃል ነበር። አልሰጠሁትም። ልጁ ካርዱን እያየ የቆመው አቋቋም ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። እንዳንቺ ያለ ልጅ ዳኛ ልሁን ሲለኝ መጀመሪያ የምነግረው ይሄን ነው።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። ስልክሽ ላይ አንድ ሙሉ ጨዋታ ክፈቺ። ድምፁን ዘግተሽ 10 ደቂቃ እዪ። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ምክንያቱን ጮክ ብለሽ በአማርኛ ተናገሪ። ከአምስት ቃል አይብለጥ። "7 ቁጥር፣ ከጎን ገባሽ፣ ቅጣት።" ከዚያ ወደኋላ መልሰሽ ድምፁን ክፈቺና ከዳኛው ጋር አስተያዪ። መጀመሪያ ከአሥር ሁለቱን ብታገኚ አትደንግጪ። የስክረሙን ትእዛዝ ደግሞ በሁለት ቋንቋ ልመጂው። በእንግሊዝኛ "ክራውች፣ ባይንድ፣ ሴት" ነው። እኔ ለተማሪዎቼ "ጎንበስ፣ ያዝ፣ ግጠም" ነው የምላቸው። በሦስቱ መካከል ፋታ ስጪ፤ ፋታው ነው አንገት የሚያድነው።

ሕጉን አንብቢ። እግር ኳስ 17 ሕግ አለው፤ ራግቢ 21። የዓለም ራግቢ ማኅበር፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ደብሊን ያለው፣ ሕጉንም ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚያስተምረውንም ኮርስ በኢንተርኔት በነጻ አስቀምጦታል። ኢንተርኔት ጠንከር የሚልበትን ሰዓት ጠብቀሽ ጨርሺያቸው። የጭንቅላቱን አስቀድሚ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ "ደህና ነኝ" ቢልም ከሜዳ ይወጣል፤ ይሄ ለእግር ኳሱም ይጠቅምሻል። እንግሊዝኛሽንም አጥብቂ።

መሮጡን ለመሐል ሜዳ ልጅ አልነግርም። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ተወልደሽ ያደግሽ ነሽ።

አሁን መራራውን ልንገርሽ። ዳኛ የሚሠራው በጨዋታ ብዛት ነው፤ መሐል ሜዳ ላይ ደግሞ የራግቢ ጨዋታ የለም። የሜዳ ላይ የደረጃ 1 ሥልጠና እቤት ተቀምጦ አይወሰድም። ስለዚህ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስኪጂ። የእግር ኳስ ዳኝነትሽን አትተዪ፤ በየሳምንቱ አጫውቺ። ልድያ ታፈሰ ከዚሁ ከእኛው ሜዳ ተነስታ ነው እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳ፣ በ2019 ፈረንሳይ ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኝነት የተመረጠችው። ሁለተኛ፣ ከሰፈርሽ ልጆች 14 ሰብስቢ፤ ሰባት በሰባት። ያለውን ኳስ ተጠቀሚ። መጣል የለም፤ በሁለት እጅ መንካት ብቻ። ኳስ ወደፊት በእጅ አይሰጥም፤ ወደኋላ ወይም ወደ ጎን ነው። አንድ ቀን ተጫወቺ፣ አንድ ቀን አጫውቺ። ልጆቹ በሁለት ሳምንት ይለምዱታል፤ በተማሪዎቼ አይቼዋለሁ።

ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ግን መውጣት አለብሽ። ቅርቡ ናይሮቢ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን በፍጻሜ 30 ለ 7 ያሸነፈ የሰባት ሰው ቡድን ያላት አገር ናት። ክለቡም፣ የትምህርት ቤት ውድድሩም አለ፤ በየቅዳሜው ዳኛ ይፈለጋል። አህጉራችን እየመጣች ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 አውስትራሊያ ላይ በሚደረገው የ24 አገሮች የዓለም ዋንጫ ከደቡብ አፍሪካ ሌላ ዚምባብዌም አለች።

እናትሽ ክፉ አላሉም። ያላዩትን ነው "የለም" ያሉት። አሥራ አራቱን ልጆች ስታጫውቺ መጥተው ይዩ። በርጩማም ይውጣላቸው።

ጥያቄ፦ "መምህርት፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የደብረ ሲና ነዋሪ ነኝ። የ17 ዓመት ልጄ የታዳጊዎች ኳስ ያጫውታል። ባለፈው እሑድ የአንዱ ቡድን ደጋፊዎች ሰደቡት፣ ገፈተሩት። ፊሽካውን ወርውሮ መጣ። እርስዎ ስለ ራግቢ ሲናገሩ 'እዚያ ዳኛ ይከበራል' ይላሉ። እውነት ነው? ልጄንስ ምን ልበለው?"

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ልጅዎ በጣም አዝኛለሁ። የገፈተረውን ሰው ስም ይዘው ለውድድሩ አዘጋጆች በጽሑፍ ያስገቡ። ይሄ የሽማግሌ እርቅ ብቻ የሚበቃው ነገር አይደለም። ልጅ ነው የተገፋው።

ስለ ራግቢ የምለው እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን ልንገርዎ። እዚያ ዳኛን የሚያናግረው አምበሉ ብቻ ነው። ቅጣት ተሰጥቶበት የሚጨቃጨቅ ቡድን ቅጣቱ 10 ሜትር ወደፊት ይገፋበታል። ያ 10 ሜትር ብዙ አፍ ይዘጋል። እግር ኳስም እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ "ከአምበል በቀር ማንም አይምጣ" ብሎ ከዚያ ተውሷል።

ቢሆንም ከሜዳ ውጭ ያለው አፍ አልተዘጋም። ያ በ15 ዓመቱ ፊሽካ የያዘው ባርንስ በሙያው ጠበቃ ነው። የኛ ቋንቋ የችሎቱንም የሜዳውንም ሰው "ዳኛ" ብሎ በአንድ ስም መጥራቱ ለእሱ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ ላይ የዓለም ዋንጫውን ፍጻሜ መራ። ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸነፈች። የኒውዚላንዱ አምበል መጀመሪያ ቢጫ አየ። ከሜዳ ውጭ ያሉ የቪዲዮ ዳኞች ደግመው አይተው ወደ ቀይ ቀየሩት። ከዚያ በኋላ በባርንስና በቤተሰቡ ላይ የዘነበው ስድብና ዛቻ ለጆሮ ይቀፋል። እሱ 111 ዓለም አቀፍ ጨዋታ መርቶ ፊሽካውን ሰቀለ። የዚያ ቀን የቪዲዮ ዳኛ ቶም ፎሊም በስድቡ ምክንያት ከዓለም አቀፍ ጨዋታ ራሱን አገለለ። አዋቂዎች ናቸው፤ እነሱም አልቻሉትም። ልጅዎ ፊሽካ ስለወረወረ ደካማ ነው እንዳይሉት አደራ።

ልጁ ራሱ ልመለስ ካለ እንዲህ ያድርግ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን አምበሎች ይጥራ። ሳንቲም ከመወርወሩ በፊት፣ "ከእናንተ ከሁለታችሁ በቀር የሚያናግረኝ የለም፤ እናንተ ስትጠይቁ ግን እመልሳለሁ" ይበላቸው። ይሄ በሕግ ደብተር ያለ ነገር ነው፤ ግን ከአፉ ሲወጣ ይለያል። እርስዎ ደግሞ መስመሩ ዳር ይቁሙ። አይጩሁ፣ አይጣሉ። ጋቢዎን ለብሰው ሁለት ሦስት ጎረቤት ይዘው ይቁሙ፤ እንዲያየዎት።

አያቴ አንኮበር አካባቢ ነው ያደጉት። ሁለት ሰው ሲደባደብ አንዱ "በሕግ አምላክ!" ካለ ሌላው ዱላውን እንዳነሳ ይቆም ነበር ይሉን ነበር። ዘበኛም ፖሊስም በሌለበት። የደብረ ሲና ሰው ይሄን ያውቃል። ቀጣዩ እሑድ ላይ አንድ አባት ጮክ ብሎ ቢለው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ "በራግቢ ዳኛው ጥፋት እያየ እጁን ዘርግቶ ዝም ብሎ ይሮጣል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ይነፋና ወደኋላ ይመልሳቸዋል። ምን ማለት ነው?" ከእነዋሪ

መልስ፦ ማጫወት ነው፤ አድቫንቴጅ የምንለው። እጁ የተዘረጋው ወዳልበደለው ቡድን ነው። በእግር ኳስ ዳኛው ካጫወተ በኋላ ሐሳቡን ለመለወጥ ያለው ጥቂት ሰከንድ ነው። በራግቢ ግን ረዘም ይላል፤ የተበደለው ቡድን ጥቅም እስኪያገኝ ይጠበቃል። ካገኘ "አድቫንቴጅ አለቀ" ይልና እጁን ያወርዳል። ካላገኘ ይነፋና ጥፋቱ ወደተሠራበት ቦታ ይመልሳቸዋል። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱን ትተው እጁን ብቻ ይከተሉ። መቼ እንደሚወርድ ቀድመው መገመት ሲጀምሩ ይጻፉልኝ።